ሦስት ዙር የቀረው ጎማ

ይህን የምጽፈው አዝኑልኝ ብዬ አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ኧረ ምን ዓይነቷ ናት!» ብትሉኝም አልቀየማችሁም፤ እኔ ራሴን ካልኩት አይብስም። በአንዲት አጭር መልእክት የሰው እጅ ሰብሬያለሁ። ዱላ አልያዝኩም። የያዝኩት ስልክ ነበር።

የምሠራው በአባቴ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። የቱ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የቱ መቼ እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። ቢሮዬ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጀርባዬ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓትና ወደ ግቢው የሚያሳይ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የጎማ ክፍሉ አለ። እዚያ ቀኑን ሙሉ ጎማ የሚፈታ፣ የሚለጥፍ፣ የሚያስር አንድ ሰው አለ። ሾፌሮቹ መዳፍ ይሉታል። ጎማ ሲመረምር ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ይዘረጋና ጎማውን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ከዚያ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቁጥር አስራ አንድ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሞልታ ልትወጣ ስትል መስኮቴን አንኳኳ።

«የፊት ግራ ጎማዋ አይሄድም።»

«ጎማው አዲስ ነው፤ ሰዓቱም ደርሷል» አልኩት።

«አዎ፣ አዲስ ነው። ግን አይሄድም።»

«ምን ሆኖ?»

«እኔ እንጃ። እጄ ነው የነገረኝ።»

ሳቅሁበት። ግን አውቶቡሷን አላስወጣኋትም፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጎማው ሲፈታ ውስጡ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተገኘ። ተሳፋሪዎቹ በመዘግየታቸው ሲያጉረመርሙ እኔ ስንጥቁን በጣቴ እለካ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ እጅ ቀልጄ አላውቅም። ማለቴ፣ እስከዚያ አርብ ድረስ።

በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የማየው ጌም እየተጫወተ ነበር። የመኪና ውድድር ነው፤ ግን መኪናውን የምትነዱት እናንተ አይደላችሁም። እናንተ የቡድኑ አለቃ ናችሁ። የእናንተ ሥራ ሁለት ነገር መወሰን ነው፤ መኪናው በየትኛው ጎማ ይሂድ፣ ጎማውን ሊቀይርስ መቼ ይግባ። ለስላሳው ጎማ ይፈጥናል፣ ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ይዘገያል፣ ይበረክታል። ይኸው ነው፤ ሰው ግን ያሳብዳል። መዳፍ ጎማ ሲመርጥ የሚደርስበት አልነበረም። የሚሸነፈው ሰዓት ላይ ነው። መኪናውን ሁልጊዜ አንድ ዙር አዘግይቶ ያስገባዋል። አንድ ቀን ከትከሻው በላይ ሳይ ቆየሁና አላስችል ቢለኝ «አሁን አስገባው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ ቁልፉን ተጫነው። አሸነፈ። ሰዓት እኮ እንጀራዬ ነው።

በዚያው ሰሞን በጌሙ ውስጥ የሁለት ሰው ቡድን መሠረትን። እሱ የጎማው ወንበር ላይ፣ እኔ የሰዓቱ ወንበር ላይ። ደንቡን ላስረዳችሁ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የጎማው ወንበር ጎማ መርጦ ያስረክባል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ መኪናውን የማስገቢያው ቁልፍ ያለው ሰዓቱ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ጎማው ስንት በመቶ ዕድሜ እንደቀረው የሚያየውም ሰዓቱ ወንበር ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሌላኛው የሚያየው መኪናው ሲዞር ነው። የቀረው እምነት ነው።

ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱን የጎማ ሪፖርት ያመጣልኛል። ሰው ፊት «እንደምን አደሩ፣ ሪፖርቱ ይኸው» ብሎ አጎንብሶ ይሰጠኛል። ከሪፖርቱ ጀርባ ግን አንዲት የታጠፈች ወረቀት አለች። ግማሿ የእሑዱ ውድድር ዕቅድ ናት። ግማሿ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ሰማያዊውን ሹራብ ስትለብሺ አንዱን ብሎን ሁለቴ ነው የማጠብቀው።» በቀን አስር ጊዜ ቀና ብሎ በመስኮቱ የግድግዳዬን ሰዓት ያያል። እጁ ላይ ሰዓት አለው እኮ።

ታዲያ ምን አስደበቃችሁ ትሉኛላችሁ። አባቴ ራሱ ጎማ እየፈታ ነው የተነሣው። የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር ክሪክ ጨፍልቆት እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። ለልጁ የሚመኘው እጁ የማይጠቁር ሰው ነበር፤ ይህንንም በምሳ ጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ ይናገራል። እኔም «ትንሽ እንቆይ» እያልኩ መዳፍን ሁለት ዓመት አስቆየሁት። አንድ ቀን እንኳን ፊቱን አላጠቆረብኝም። እኔ ነበርኩ በሆዴ የምፈራው፤ የምፈራው ደግሞ አባቴን ብቻ አልነበረም። «ጎማ ፈቺ ወደደች» መባልን ነበር። ይኸው ተናገርኩት።

* * *

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለው ጌም ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ቡድኖች ይወዳደራሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ወንበር ይቀመጣል። መዳፍ አጠገብ ያለው ወንበር ሁሌም ባዶ ነው፤ እኔ ከቢሮ ሆኜ በስልክ ነው የምጫወተው። «ባልደረባህ መንፈስ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ፣ ሰው እንዳይቀመጥበት ጃኬቱን ያደርግበታል። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም። የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እየሳቀ። እሱም ከአንድ ጓደኛው ጋር ቡድን አለው። በፍጻሜው ስምንቱም ቡድኖች ይሮጣሉ፤ ዋንጫው ግን የቀረው ለሱ ቡድንና ለኛ ነበር፤ በነጥብ እኩል ነን። እሑድ ከሁለታችን የቀደመ ዋንጫውን ይወስዳል።

አርብ ዕለት ወንድሜ ስቴፕለር ሊዋስ ቢሮዬ ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የጎማ ሪፖርት ሲያነሳ ወረቀቷ ወደቀች። ልይዛት ስንደረደር እሱ ቀደመኝ።

«ለፍጻሜው በለስላሳ እንጀምራለን» እያለ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «አስራ አራተኛው ዙር ላይ አስገቢው፤ ጠንካራ ይታሰራል። ጎማው ግን እስከ አስራ ሰባት ይችላል፤ ይህን ሌሎቹ አያውቁም። ከጠበበሽ ሦስቱ ዙር ያንቺ ናቸው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ወይ ጉድ! መንፈሱ አንቺ ነሽ?»

«አምጣው! አምጣው እልሃለሁ!»

«ቆይ እንጂ፣ ሰማያዊ ሹራብም አለችበት።» ሳቁ እየቀነሰ፣ ዓይኑ እየሰፋ ሄደ። «አንቺ! ትወጂዋለሽ እንዴ?»

ያኔ ነው የሳቅሁት። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ በጣም የሚያምር፣ ግድ የሌለው ሳቅ ነበር። «ማንን? ጎማ ፈቺውን? ኧረ ባክህ! ጌም ነው።»

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ማሸነፍ ይወዳል፣ ይኸው ነው። ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንግዲያው ጌም ከሆነ ቀላል ነው» አለ። «አስራ አራት ላይ አስገቢው፤ ሦስቱን ዙር እርሺያቸው። እኔም ወረቀቷን እረሳታለሁ። አለበለዚያ እሑድ ማታ አባባ ራቱን ሲበላ ሹራቧን አነብለታለሁ።»

እንደ ዘበት «እሺ» አልኩ። እየሳቅሁ።

እሱ ከወጣ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መዳፍ በግቢው መሐል ጎማ እያንከባለለ ነበር። ቀና ብሎ ሰዓቱን አየና ፈገግ አለ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። አፌ ውስጥ ያ ሳቅ ገና ነበር፤ አልዋጥ አለኝ።

* * *

እሑድ ከሰዓት ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ውድድሩ ሠላሳ ዙር ነው። እስከ አስራ ሁለተኛው ዙር የምንመራው እኛ ነበርን። አስራ ሦስተኛው ላይ የወንድሜ መኪና ድንገት ጎማ ሊቀይር ገባ። ያሰበው ግልጽ ነው፤ ከኛ አንድ ዙር ቀድሞ አዲስ ጎማ ካሰረ፣ እኛ አስራ አራት ላይ ገብተን ስንወጣ ከፊታችን ይሆናል። አንድ ነገር ግን አበላሸበት። ሲወጣ ኤሊው ከሚሉት ቡድን መኪና ኋላ ወደቀ። ኤሊው ደግሞ አይፈጥንም፣ አያሳልፍም።

የመዳፍ መልእክት ወዲያው መጣ። «ወንድምሽ ከኤሊው ኋላ ተቀርቅሯል። አሁን ነው። ሦስቱ ዙር ያንቺ ናቸው።»

ስክሪኔን አየሁ። የጎማ ዕድሜ ሠላሳ ስምንት በመቶ ይላል። በየዙሩ አምስት ይቀንሳል፤ ከሃያ በታች ከወረደ ይፈነዳል። ደምሬ ቀንሼ አየሁት። ሦስት ዙር። መዳፍ ከቲቪ ማዶ ሆኖ፣ መኪናው ሲታጠፍ ጀርባው እንዴት እንደሚንሸራተት ብቻ አይቶ፣ ልክ ሦስት ዙር! ሦስቱን ዙር መንገዱ ክፍት ሆኖልን ብንበር፣ ወንድሜ ከኤሊው ኋላ እያዛጋ፣ ገብተን ወጥተን እንቀድመው ነበር። ሰዓት አውቃለሁ። እንቀድመው ነበር።

ቁልፉን ተጫንኩት። በአስራ አራተኛው ዙር መኪናችን ገባች።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርሰው። ስንወጣ ከወንድሜ ኋላ ሆንን፤ እሱ እንደምንም ኤሊውን ሲያልፍ እኛ ከኤሊው ኋላ ቀረን። ስንላቀቅ ረፈደ። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ተሸነፍን።

ስልኬ ጮኸ። «ጎማው አልቆ ነበር?»

ጥያቄ እንጂ ክስ አልነበረም። እውነቱን የምናገርበት በር ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር፤ ወለል ብሎ። ጣቴ ግን ሌላ ጻፈ። «አልቆ ነበር።»

ከዚያ፦ «እሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። እጄ ነው የሳተው። ሰው ፊት አሳፈርኩሽ፣ ይቅርታ።»

ይቅርታ አለኝ። እሱ፣ እኔን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ኩምሽሽ ብዬ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ከኋላዬ የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። በሕይወቴ የሰዓት ድምፅ እንዲያ አሳፍሮኝ አያውቅም።

* * *

ሰኞ ጠዋት ቁጥር አስራ አንድ አንድ ሰዓት ላይ መውጣት ነበረባት። ተሳፋሪው ሞልቷል። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። መዳፍ የፊት ግራ ጎማው ሥር ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ከፈተ። እንደገና ጨፈነ። ከዚያ ጎማውን ፈታው። ውስጡን አየ፤ መልሶ አሰረው። ቆመና አየው፤ እንደገና ፈታው።

እኔ በመስኮቱ እያየሁ ቀለሜ ሄደ። መዳፍ ያለወትሮው የእጅ ሰዓቱን አየ። ወደኔ አላየም።

አባቴ በግቢው በር ሲገባ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል ድምፁ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «አውቶቡሷ ለምን አልወጣችም?»

«ጎማውን እያየሁት ነው፣ ጌታዬ» አለ መዳፍ።

«ማየት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል እንዴ? ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት?»

መዳፍ ሁለት እጆቹን አየ፤ የሌላ ሰው ዕቃ የያዘ ይመስል። «እጄን አላመንኩትም፣ ጌታዬ። ከትናንት ወዲህ አላመንኩትም። ሰው ነው የሚሳፈርባት። ይሄዳል ብዬ ባይሄድስ?»

አባቴ እንደ መሳቅ አደረገው፤ ሳቅ አልነበረም። «እንግዲህ አንተ እጅህን ካላመንክ እኔ ምን ልሁን? እጁን የሚያምን ሰው እፈልጋለኋ። ዕቃህን ሰብስብ።»

ወንድሜ የዋናው ቢሮ በር ላይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። አንዴ መዳፍን፣ አንዴ እኔን አየ። እሱም ገብቶታል። ፊቱ ላይ እንደ ትናንቱ የማሸነፍ ነገር አልነበረም።

መቼ እንደተነሳሁ አላስታውስም። የማስታውሰው የግቢው ጠጠር ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ነው። እግሬ ነው የወሰደኝ።

«አባባ፣ ጎማው ደህና ነው።»

«አንቺ ደግሞ ጎማ ማወቅ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እሱ ካስተማረኝ ወዲህ።»

የአውቶቡሱ መስኮቶች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ይሰማኛል። መዳፍ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየኝ፤ በዓይኑ «ተይ» ይለኛል። ሁለት ዓመት የደበቅነውን ነገር በኔ ፈንታ ሊደብቅልኝ ነው!

«እጁ አልሳተም» አልኩ። «ትናንት ጌሙ ላይ ጎማው ሦስት ዙር ነበረው። እሱ ሦስት ብሎኝ ነበር፣ ሦስት ነበር። እኔ ነኝ መኪናውን ያለጊዜው ያስገባሁት፤ ለወንድሜ ቃል ገብቼ። ከዚያም ጎማው አልቆ ነበር ብዬ ዋሸሁት። እጁን የጠረጠረው እኔን ስላመነ ነው።»

«የምን ጌም ነው የምታወሪው?» አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

«የመኪና ጌም ነው፣ አባባ። እኔና እሱ አንድ ቡድን ነን። ጌም ላይ ብቻም አይደለም።» አንድ እርምጃ ቀረብኩት። «ሁለት ዓመት ሆኖናል። እወደዋለሁ። የደበቅሁት እሱ የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ እኔ ፈሪ ሆኜ ነው።»

ከሦስተኛው መስኮት አንዲት ጎልማሳ ሴት ብቅ ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ ጨርሺውና እንሂድ» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም።

መዳፍ አልተነሳም። ሌላ ምንም ሳይጠይቅ፣ «ስንት ነበር የሚለው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ዕድሜው። ስትጫኚው ስንት ይል ነበር?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ይቆጥራል። «ሦስት ዙር።»

«ሦስት ዙር» አልኩ።

ወደ ጎማው ዞረ። ዓይኑን ጨፈነ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ቀስ አድርጎ አዞረው። አንድ ጊዜ ብቻ። «ይሄዳል» አለ። ብሎኖቹን አስሮ ሲጨርስ ሾፌሩ ሞተር አስነሳ፤ ቁጥር አስራ አንድ ወጣች። መዳፍ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደኔ መጣ። ያቅፈኛል፣ ይሰድበኛል፣ የሆነ ነገር ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ አለ።

«አመሰግናለሁ እመቤቴ፤ እጄን መልሰውልኛል።»

ሰው ፊት እንደሚያደርገው በአንቱታ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

አባቴ ያን ቀን እኔ ላይ አልጮኸም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሮዬ ገብቶ መስኮቱ ጋ ቆመና ጥቁሩን አውራ ጣቱን በሌላው እጁ እያሻሸ ግቢውን አየ። «ዕቃህን ሰብስብ አልኩት» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ እየሰማ።» ወጥቶ ወደ ጎማ ክፍሉ ሲሄድ አየሁት። ምን እንዳለው አላውቅም። የማውቀው መዳፍ ማክሰኞም ሥራ መግባቱን ነው፤ አባቴም አንገቱን እንደደፋ መመለሱን። ያን ቀን በግቢው ያፈርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

* * *

ሐሙስ ሪፖርቱ መጣ። «እንደምን አደሩ።» ከሪፖርቱ ጀርባ ግን ወረቀት አልነበረም። ሁለቴ ገለበጥኩት።

አንድ ያልተናዘዝኩት ነገር ነበር፤ ከሁሉ የከፋው። በስምሪት ወረቀት ጀርባ ጻፍኩለት። «አርብ ዕለት ወንድሜ ትወጂዋለሽ ወይ ሲለኝ ሳቅሁ። ጎማ ፈቺውን? አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ከአፌ የወጣው በቀላሉ ነው። ይህን ሳታውቅ ይቅር እንድትለኝ አልፈልግም።» ወረቀቷን በነገው የአውቶቡሶች ዝርዝር ሥር አጣጥፌ ላክሁለት። ስልክ ላይ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር፤ እንዳይቀለኝ ብዬ ነው። መልስ አልመጣም። አርብም፣ ቅዳሜም የእጅ ሰዓቱን ብቻ አየ።

እሑድ ከሰዓት አዲሱ የውድድር ወቅት ሊጀመር ጌም ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ስደርስ ልመለስ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። ሃያ የሚሆን ወንድ አንድ ላይ ዞሮ አየኝ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። መዳፍ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ጃኬት የለበትም። የሆነ ሰው እግሩን ሰቅሎበት የጫማው አቧራ ቀርቶበታል።

በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት። በሰማያዊው። ጎትቼ አጠገቡ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። አላየኝም። «ተነሺ» አላለኝም። መካከለኛ ጎማ መርጦ አስረከበ፤ ውድድሩ ተጀመረ።

አስራ አንድ ዙር ያለ አንድ ቃል ሄደ። ጉልበቴን ከጉልበቱ ጋር እንዳይነካካ ሰብስቤ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። አስራ ሁለተኛው ላይ፣ ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል «ስንት ነው?» አለኝ።

«አርባ አንድ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም።»

«አርባ አንድ ነው።»

«አልሰማሁም እኮ።»

«አርባ አንድ በመቶ!» ብዬ ጮህኩ። ሰባቱም ቡድኖች ዞሩ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። «ሰው ሁሉ ሰማ» አልኩት፤ «ሚስጥራችን ነው እኮ፤ መቼ እንደምንገባ አወቁ።»

«ይስሙ» አለ። አሁን ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣው ነበር፤ የተጻፈለትን ወረቀት ማንበቡም ነበር። «የተሸነፍኩት በጎማ አይደለም፣ በዝምታ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር የምትቀመጪ ከሆነ ጮክ ብለሽ ነው።»

ሁሉም እየሰማ «አንቺ» ብሎኛል።

አስራ አምስተኛው ዙር ላይ ጮክ ብዬ «አሁን ላስገባው ነው!» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ። አራተኛ ወጣን። ዕቅዱን ሰው ሁሉ ሰምቶት እንዴት ይሸነፍልናል? ወንድሜ ሲወጣ ያን አርብ የወሰዳትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። መዳፍም ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። ጃኬቱን አንስቶ «ደህና እደሪ» ብቻ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት በሰዓቴ ገባሁ። በግቢው መሐል ተንበርክኮ ጎማ እያየ ነበር። ሲጨርስ ተነሳ፣ እጁን ጠረገ፣ ቀና ብሎ በመስኮቱ የግድግዳዬን ሰዓት አየ። ሰዓት ነው ያየው፤ ከዚህ የበለጠ ነው ብዬ ራሴን አልሸነግልም። ፊቴ ገና በኀፍረት ይቃጠላል። ዓይኔን ግን አልሰበርኩም።